ከቆርኪ ሰዓት እየሰቀልኩ ነው፤ ቆጣሪዎቹን ስንት ሰዓት ላይ ላቁማቸው?

መንቆረር_ቀለም (ደብረ ማርቆስ) ጻፈ፦
ኅዳር 7 ማታ

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ።

ማስታወቂያ ጸሐፊ ነኝ። የሱቅ ሰሌዳ፣ የባጃጅ ጥቅስ፣ የሠርግ ባነር፣ የተገኘውን እጽፋለሁ። ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንድ ሥራ አየሁና እንቅልፍ አጣሁ። የሠራው ማይክል መርፊ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የሥራው ስም «ስፔስታይም»። ዤገር ለኩልትር የሚባለው የስዊስ ሰዓት ፋብሪካ «ሬቨርሶ» የምትባለዋ ሰዓቱ 90 ዓመት ስትሞላ፣ በፈረንጆቹ 2021፣ ያሠራው ነው። ከጣሪያ በክር የተንጠለጠሉ ብዙ ቁርጥራጮች ናቸው። ዝም ብለህ ስታየው የተበታተነ ነገር። ልኩ ቦታ ላይ ስትቆም ግን ሁሉም ይሰበሰብና ሰዓቷ ፊትህ ድቅን ትላለች። ትንሽ ፈቀቅ ስትል ትፈርሳለች።

እኔም ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ። የሬቨርሶን መልክ መገልበጥ አልፈልግም። ከፊት ሲያዩት ሰዓት፣ ከጎን ሲያዩት ሌላ ነገር እንዲሆን ነው ያሰብኩት። ሌላው ነገር ምን ይሁን ገና አልወሰንኩም።

ለምን ሰዓት? አጎቴ መናኸሪያ አጠገብ ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ ከአንድ አልጋ አይሰፋም። ሦስት የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ የሞቱ ሰዓቶች አሉት። ባለቤቶቹ «ነገ እመጣለሁ» ብለው የቀሩ። አንዷንም አይጥልም። «ነገ አላለቀማ» ይላል ስንጠይቀው።

ሳሎን ውስጥ ሙከራ ጀምሬያለሁ። ዕቃው ቆርኪ ነው፤ ከግሮሰሪ በነጻ ይገኛል። አሁን ጥያቄዬ፦ ክሩ ምን ይሁን? የሰፌድ አለላ የሚታሰርበትን ናይለን ሞክሬ ቆርኪው እንደ ሰካራም ይዞራል። ልኬቱንስ እንዴት ነው የማወጣው? በዓይን ግምት ሦስት ቀን ታግዬ የወጣልኝ ሰዓት ሳይሆን ምጣድ ነው። የመጨረሻው ትንሽ ያስቃል፤ ቆጣሪዎቹን ስንት ሰዓት ላይ ላቁማቸው?

---

ሰዓት_ወዳድ (ትውልድ ሞጣ፣ ኑሮ አዲስ አበባ) ጻፈ፦

አሁን ገና የኔ ርዕስ መጣ! የሬቨርሶን ታሪክ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 1931 ነው የወጣችው። ሕንድ የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ፖሎ ይጫወቱ ነበር። ፖሎ በፈረስ ላይ ሆነህ ኳስ በረጅም ዱላ የምትመታበት ጨዋታ ነው። ዱላው ወይ ኳሱ ሰዓታቸውን ሲያገኘው መስታወቱ ይሰበራል። መፍትሔ ተፈለገ። የሰዓቷ ገላ ከማቀፊያው ተንሸራቶ ወጥቶ እንዲገለበጥ ተደረገ። ፊቷ ወደ ክንድህ ዞሮ ይደበቃል፤ ውጪ የሚቀረው ብረት ጀርባዋ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ መልሰህ ትገለብጣታለህ።

እስካሁን ትመረታለች። የመጀመሪያዋ ሜካኒክ ናት፣ ባትሪ የላትም። ሞላ ታጠብቃለህ፣ ሞላው ሲላላ ባለ ጥርስ ጎማዎቹን ይገፋል፣ ባላንስ የምትባለዋ ጎማ ወዲያ ወዲህ እያለች ግፊቱን በጥቂት በጥቂቱ ትለቀዋለች። የዛሬ ዘመን ሜካኒክ ሰዓቶች ብዙዎቹ በሰዓት 21,600 ወይም 28,800 ጊዜ ይመታሉ። በሰከንድ 6 ወይም 8 መሆኑ ነው። ጆሮህ ላይ ስታስጠጋት የምትሰማው ያንን ነው።

ይኸው ፋብሪካ ከመርፊ በፊትም ዚሙን የሚባል የስዊስ ሠዓሊ አሠርቶ ነበር። 1,944 ትንንሽ ሞተሮች፣ ስስ ክብ ብረቶችን እያንቀጠቀጡ እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ የሚያወጡበት። እሱንም ፈልገህ እየው። አንተ ቆርኪ ካልክ ድምፁንም አስብበት።

---

ይሄም_ጥበብ_ነው (ቡሬ) ጻፈ፦

ይቅርታ ላበላሽባችሁ ነው። ይሄ ሁሉ ማስታወቂያ ነው እኮ። ሀብታም ለሀብታም ሰዓት ሊሸጥ ሠዓሊ ቀጠረ፤ እኛ ደግሞ ቆርኪ ለቅመን በነጻ እናስተዋውቅለት? የአንዷ ሰዓት ዋጋ ስንት ጥንድ በሬ ይገዛል? እስቲ እሱን በክር ስቀለው።

---

መንቆረር_ቀለም ጻፈ፦

ወንድሜ፣ እኔም ማስታወቂያ ጽፌ ነው የምበላው፣ አላፈርኩበትም። ለነሱ ግን አልጻፍኩም። የምሰቅለው የአጎቴን ሰዓት ነው። ምልክቷ የጠፋ፣ ማሰሪያዋ የላስቲክ። በሬዎቹን ሐሳብ ግን ወስጃለሁ።

---

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር) ጻፈች፦

ስለ ክሩ እኔን ጠይቅ። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። የማጥመጃ ናይለን ግዛ፣ ያ ነጭ ሆኖ የማይታየውን። ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ በአንድ ክር የተሰቀለ ነገር ሁሉ ይዞራል። በሁለት ክር እንደ ሚዛን ያዘው፣ ፊቱን አይቀይርም። ሁለተኛ፣ አዲስ ናይለን ይለጠጣል። ከመለካትህ በፊት ድንጋይ አስረህ ሁለት ሦስት ቀን አንጠልጥለው። ይህን ካላደረግክ ዛሬ ዓይን የነበረው ነገ አገጭ ይሆንብሃል።

ቋጠሮውን ደግሞ በምራቅ አርጥበህ ሳብ። የደረቀ ናይለን ሲጠብቅ ይላጣል፣ በኋላ እዚያው ላይ ይበጠሳል። አባቴ በዚህ ነገር ሲቆጣ አይጣል ነበር።

---

የፊዚክስ_ቲቸር (ፍኖተ ሰላም) ጻፈ፦

ምጣድ የሆነብህ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ከዓይንህ 2 ሜትር ላይ ያለው ቆርኪ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 4 ሜትር ላይ ያለው እኩል መስሎ እንዲታይ 6 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መጠኑም እጥፍ። ቆርኪ ደግሞ እንደ ፊኛ አይነፋም። ሳሎናችሁ ጠባብ ስለሆነ የሩቁ አንሶ፣ የቅርቡ ገዝፎ ነው የተበላሸው።

ስለዚህ ተመልካቹን አርቀው። ሥራህ 1.2 ሜትር ጥልቀት ቢኖረውና ሰው 12 ሜትር ላይ ቢቆም፣ የቅርቡና የሩቁ ልዩነት 10 በመቶ ነው። ዓይን ይቅር ይልሃል።

ለልኬቱ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ተመልካቹ በሚቆምበት ቦታ፣ በዓይን ከፍታ፣ አንድ እንጨት ትከል። ልጆች የሚጫወቱባትን ሌዘር እሱ ላይ እሰራት። በመካከል የመስኮት መስታወት አቁምና ሰዓቱን በማርከር ሣልበት፣ ነጥብ በነጥብ። ሌዘሯን በየነጥቡ አሳልፍ። ቀይዋ ብርሃን ያረፈችበት ላይ ቆርኪውን ስቀል። ወደ ፊት ብታመጣው፣ ወደ ኋላ ብታርቀው፣ መስመሯን እስካለቀቀ ድረስ እንጨቱ ጋ ለቆመ ሰው ያው ነው።

ጨዋታው እዚህ ጋ ነው። ከፊት ያለው ሰው ጥልቀቱን አያየውም። ጥልቀቱ የአንተ ነጻነት ነው። ከጎን የምታወጣውን ሁለተኛ ሥዕል በሱ ትሠራለህ። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ ከፍታው የጋራ ነው። ከመሬት 1 ሜትር ላይ ያለ ቆርኪ ከፊትም ከጎንም 1 ሜትር ላይ ነው። በየከፍታው ሁለቱም ሥዕሎች የሚበቃቸው ቆርኪ መኖር አለበት። ደብተር ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ሥለህ መስመር በመስመር ቁጠር።

አዎ፣ ደግሞ በአንድ ዓይን እየው። ሁለት ዓይን ጥልቀትን ያጋልጣል። ስልክህ አንድ ዓይን ስለሆነ ነው ፎቶው ላይ የሚያምረው።

---

መንቆረር_ቀለም ጻፈ፦

ቲቸር፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማስታወቂያ አልጽፍም ነበር።

---

አገው_ፈረስ (እንጅባራ) ጻፈ፦

ሁለተኛውን ሥዕል ፍለጋ ምን ያንከራትትሃል? ሰዓቷ ራሷ የተሠራችው ለፈረሰኛ ነው አይደል? ፈረስ አድርገዋ!

ፖሎን አላውቅም፣ ጉግስን ግን አውቃለሁ። ጋላቢው ከኋላ የሚወረወርበትን ዘንግ ሳያይ በጋሻው ይመክታል። ሰውዬው ቀድሞ ፈረሱ ላይ ተጋድሟል፣ ጋሻው ጀርባው ላይ ነው። ያቺ ሰዓትም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ፊቷን ደብቃ ጀርባዋን ሰጠች። እዚህ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ና፣ በሺህ የሚቆጠር ፈረስ በጌጡ ታያለህ። ሳታይ ግን እንዳትሠራው። የበቅሎ ጆሮ ያለው ፈረስ ሠርተህ እንዳታዋርደን።

---

እታለም_ዳንግላ ጻፈች፦

ፈረሱ ያምራል። ግን አንድ ነገር። ቆርኪ ከፊት ክብ ነው፣ ከጎን ስታየው መስመር ነው። ፈረስህ ከጭረት የተሠራ ይሆናል። ድቡልቡል ነገር ያስፈልግሃል። እምቧይ አይሻልም? በየአጥሩ ሞልቶ!

---

መንቆረር_ቀለም ጻፈ፦
ኅዳር 29

እታለም፣ ምክርሽን ሰምቼ ጉድ ሆንኩ።

ሁለት ማዳበሪያ እምቧይ ለቅሜ ጥቁር ቀለም ቀባሁና ሰቀልኩ። የመጀመሪያው ቀን ልብ ያጠፋ ነበር። በሳምንቱ ተጨማደደ። በአሥረኛው ቀን ፈረሴ የተራበ ውሻ መሰለ። የጎረቤት ልጆች ደግሞ ከታች ያሉትን በወንጭፍ ጨርሰዋቸዋል። ቀለሙ ነው የቆጨኝ።

አሁን ወደ ቆርኪ ተመልሻለሁ፣ በሌላ ዘዴ። ሁለቱን ፊት ለፊት አጋጥሜ በኮላ አጣብቃቸዋለሁ። እንደ አምባሻ ሆድ ያወጣሉ። ከፊትም ከጎንም አካል አላቸው። ከማጣበቄ በፊት መሐላቸው ባዶ መሆኑን አየሁ። አጎቴ ጋ ሄጄ ከቆርቆሮው የተበላሹ ጥርሶችና ብሎኖች ለመንኩ። በየቆርኪው ሆድ ሁለት ሦስት ጨመርኩ። አሁን ክሩን ስትነካው «ጭር» ይላል። ሰዓት ወዳድ ድምፅ ያልከው ይኸው።

360 ጥንድ ያስፈልገኛል፤ 720 ቆርኪ መሆኑ ነው። ግሮሰሪው ባለቤት «ይህን ሁሉ ጠጥተህ ነው?» ይለኛል።

የቦታውን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ አዳራሽ ፈቅዶልኝ ነበር። ዕቃዬን ጭኜ ስደርስ ለሠርግ ተከራይቶ ድንኳን እየተዘረጋ አገኘሁት። ለነገሩ በጎ ሆነ። የዘመዳችን የእህል መጋዘን እስከ ጥር ባዶ ነው። ርዝመቱ 26 ሜትር፣ መሐሉ ላይ መኪና የሚገባበት ትልቅ የጎን በር አለው። ሥራውን መካከል ላይ ሰቀልኩት ማለት፣ ከፊትም ከኋላም 12 ሜትር አገኛለሁ። ፈረሱን ደግሞ ግቢው ውስጥ ቆሞ በበሩ በኩል ማየት ይቻላል።

---

የፊዚክስ_ቲቸር ጻፈ፦

ቆይ፣ ከኋላም ትላለህ። ከኋላ ሆኖ የሚያየው ሰው ሰዓቱ ይገለበጥበታል፣ እንደ መስታወት። ክቡ ክብ ነው፣ ቆጣሪዎቹ ግን ይለወጣሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከ12 ሰዓት ላይ ቀንስ። ከፊት 10፡10 ያለው ከኋላ 1፡50 ይሆናል።

---

ሰዓት_ወዳድ ጻፈ፦

10፡10ን አነሳህ እንጂ፣ በማስታወቂያ ላይ ያሉ ሰዓቶች አብዛኞቹ እዚያ ላይ ነው የሚቆሙት። ቆጣሪዎቹ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ይዘረጉና የፋብሪካውን ስም መሐል ያስገቡታል። ፈገግ ያለ ፊትም ይመስላል። ግን አደራ አታድርገው፣ የሱቅ መስኮት ይመስልብሃል። የኛ ሰው ሲያነበው ደግሞ 4 ሰዓት ከአሥር ይላል ወይስ 10 ሰዓት ከአሥር? እዚያው ይጣላሉ።

በነገራችን ላይ ሜካኒክ ሰዓትና የኛ ነገር ካነሳን አይቀር፣ የጃንሆይ ሰዓት ነገር ትዝ አለኝ። ፓቴክ ፊሊፕ ናት፣ 2497 የሚባለው ዓይነት። ወርቅ፣ ቀኑንም ወሩንም ጨረቃንም የምትቆጥር። በፈረንጆቹ 2017 ክሪስቲስ የሚባለው አጫራች ጄኔቭ ላይ ለጨረታ አቅርቧት ነበር። የባለቤትነት ጥያቄ ሲነሳ ከጨረታው አወጣት።

እንዲህ ያሉት ሰዓቶች ውስጥ የሚደንቅ ጎማ አለ። ወሩ 28 ይሁን 29፣ 30 ይሁን 31 በራሷ ታውቃለች። የአራት ዓመት 48 ወራት በጎማው ዳር ላይ በተለያየ ጥልቀት ተቀርጸዋል። ትንሿ ጣት ጥልቀቱን ዳብሳ ቀኑን ትዘላለች። ያም ሆኖ በ2100 ትሳሳታለች። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በአራት የሚካፈል ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ባለ 366 ቀን ነው፣ 2100 ግን አይደለም። ያን ጊዜ በእጅ መታረም አለባት።

---

ቅኔ_ዘራፊ (ዋሸራ የተማረ፣ አሁን ደጀን) ጻፈ፦

አያ ሰዓት ወዳድ፣ እንግዲህ ባሕረ ሐሳብን ስማ። 12ቱ ወር ሁሉም 30፣ 30 ነው። ጣቷ የምትዳብሰው ነገር የለም። ቀሪዋ ጳጉሜን ናት፣ 5 ትሆናለች፣ በዘመነ ሉቃስ 6 ትሆናለች። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። አራት ጥርስ ያላት ጎማ፣ አንዷ ጥርስ ብቻ ከፍ ያለች። 2100 ብሎ ነገር አያውካትም፣ እኛ ጋ የሚዘለል ዓመት የለማ! 48ቱን ጉድጓድ የሚቀርጸው ሰውዬ ይህን ቢያውቅ ስንት ድካም በቀረለት።

---

ሰዓት_ወዳድ ጻፈ፦

ይህን ለ20 ዓመት ሰዓት ስወድ አላሰብኩትም። ቁጭ ብዬ ወረቀት ላይ እየሣልኩት ነው። አራት ጥርስ ይበቃል፣ እውነትህን ነው።

---

ይሄም_ጥበብ_ነው ጻፈ፦

ጳጉሜ ደመወዝ የላትም፣ ለዚህ ነው ፈረንጅ ያልፈለጋት። ወደ ጥያቄው ተመለሱ፣ ልጁ ስንት ሰዓት ላይ ያቁማቸው? እኔ 12 ሰዓት እላለሁ። ጎህ ሲቀድ። ገበሬ የሚነሳበት።

---

ጣና_ዳር ጻፈች፦

3 ሰዓት። ቡና የሚጠጣበት።

---

አገው_ፈረስ ጻፈ፦

ጣና ዳሮች ቡና ብቻ ናችሁ። እኔ በ12 እስማማለሁ።

---

መንቆረር_ቀለም ጻፈ፦
ታኅሣሥ 14

ክርክራችሁን ለአጎቴ አነበብኩለት። ሳቀ። ከዚያ ሱቁ ፊት ለፊት ያለውን ፀጉር ቤት አሳየኝ። የፀጉር ቤቱ ትልቅ መስታወት በቀጥታ ወደሱ ነው የሚያየው። ግድግዳው ላይ የሰቀላቸውን ሰዓቶች ቀና ባለ ቁጥር የሚያያቸው እዚያ መስታወት ውስጥ ነው። የሞቱት እንደቆሙ ናቸው፣ አንዱ 8፡20፣ አንዱ 2 ሰዓት ከምናምን። መስታወቱ ውስጥ ሁሉም ውሸት ይናገራሉ።

«ከፊትም ከመስታወትም አንድ ቃል ያላቸው 12ና 6 ላይ የቆሙት ብቻ ናቸው» አለኝ። ልክ ነው ቲቸር?

---

የፊዚክስ_ቲቸር ጻፈ፦

ልክ ናቸው። ከ12 ላይ 6 ስትቀንስ 6፣ ከ12 ላይ 12 ስትቀንስ ዜሮ፣ ያው 12። ሌላ ድፍን ሰዓት የለም። አጎትህን ሰላም በልልኝ።

---

ቅኔ_ዘራፊ ጻፈ፦

ሰምና ወርቅ ለማለት ጣቴን ስታገለው ነው የቆየሁት። ሰው ሁሉ የሚሮጥበት ስለሆነ ተውኩት። ይህ ግን በትክክል ኅብር ነው። ኅብር አንዱ ቃል ሳይለወጥ ሁለት ፍቺ ሲሰጥ ነው። ቆጣሪው 6 ላይ ይቁም። ለኛ ቀትር ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ። ለፈረንጅ 6 ሰዓት ገና ጎህ ሲቀድ ነው። 12 ላይ ብታቆመው ደግሞ ተገላቢጦሽ፤ ለኛ ጎህ፣ ለነሱ ቀትር። ቆርኪው ያው፣ የሚያነበው ሰው የተለየ። የትኛውን ትመርጣለህ?

---

መንቆረር_ቀለም ጻፈ፦

ያን ጥያቄ እኔም ለአጎቴ አቀረብኩ። እኔ ምሥጢር ያለው መልስ እየጠበቅኩ ነበር። «12 ላይ ይደራረባሉ፣ ደንበኛ ‹አንዱ ቆጣሪ ጠፍቷል› ብሎ ይጨቀጭቅሃል፣ 6 ላይ አድርገው» አለኝ።

ስለዚህ 6።

---

የፊዚክስ_ቲቸር ጻፈ፦

ለፈረሱም ጥሩ ነው። ዝቅ ያሉት ከፍታዎች ላይ ክቡ ግራና ቀኝ ሁለት ቆርኪ ይሰጥሃል፣ አጭሩ ቆጣሪ ወይም ከሥሩ ያለችው የ6 ሰረዝ ሦስተኛ። ለአራት እግር አንድ ይጎድልሃል። ከፊት ሲታይ ከሌላው ኋላ የሚደበቅ ቆርኪ ጨምር።

---

መንቆረር_ቀለም ጻፈ፦

አልጨምርም ቲቸር። ሦስቱን መሬት አስረግጬ አንዱን እግር አነሳሁት። ጉግስ ላይ ያለ ፈረስ አራት እግሩን ተክሎ አይቆምም። አገው ፈረስ፣ ጆሮውን በፎቶ ልኬልሃለሁ፣ እየው።

---

አገው_ፈረስ ጻፈ፦

ጆሮው ደህና ነው። ጭራው ግን የላም ነው። ከፍ አድርገው፣ ሲጋልብ ይነሳል።

---

መንቆረር_ቀለም ጻፈ፦
ጥር 3

ተሰቀለ! ጭራውም ተነስቷል።

መጀመሪያ የነፋሱን ነገር ልንገራችሁ። የጎኑ በር ሲከፈት ከሰዓት በኋላ ያለው ነፋስ ገብቶ 360ውን ጥንድ ቆርኪ ያንጫጫዋል። ድምፁ ያምራል፣ ሥዕሉ ግን ይፈርሳል። ስለዚህ ሰው የምጋብዘው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ቅጠል አይነቃነቅም። ብርሃኑም በበሩ አግድም ስለሚገባ ጥቁሩ ቆርኪ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ትናንት ወደ 15 ሰው መጣ። ለሁሉም ተመሳሳይ ነገር ስናገር ዋልኩ። «እዚች ምልክት ላይ ቁም። አይ፣ ትንሽ ወደ ግራ። አንድ ዓይንህን ጨፍን። አይ፣ ሁለቱንም አይደለም።» አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ በስልኩ ካየ በኋላ ነው «አሃ!» ያለው። ከጎን ፈረሱን ለማየት ግን ማንም አልተቸገረም። እናቴ ግቢው ውስጥ ቆማ «ይቺ የማን ፈረስ ናት?» አለች።

አጎቴ ዘግይቶ መጣ። ሱቁን ዘግቶ፣ ሸሚዙን ቀይሮ። ምንም አላልኩትም። በሩ ላይ ቆሞ የተንጠለጠለውን ሁሉ ካየ በኋላ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ለፊቱ ሄደ። ምልክቷን አላያትም። ቀኝ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ግራውን ጨፈነ። 40 ዓመት ሙሉ ያቺን ማጉሊያ ቀኝ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፣ ፊቱ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ግማሽ ወደ ቀኝ። ቆመ።

ዝም ብሎ ብዙ ቆየ። ከዚያ «የ9 ሰረዝ ዝቅ ብላለች» አለኝ።

ሄጄ ለካሁ። ክሩ 1 ሳንቲ ሜትር ተለጥጧል። ጣና ዳር፣ ያቺን ብቻ ድንጋይ ሳላስራት ቀርቼ ነበር።

---

ጣና_ዳር ጻፈች፦

ነግሬህ ነበር!

---

ሰዓት_ወዳድ ጻፈ፦

ከኋላስ ሄዶ አየው?

---

መንቆረር_ቀለም ጻፈ፦

አየው። «6 ነው» አለና ወጣ። ደንበኛ እየጠበቀው ነበር።

እስከ ጥር 20 ይቆያል፣ ከዚያ እህሉ ይገባል። የምትመጡ ሰዎች ከንጋቱ 1 ሰዓት በፊት ድረሱ። ቡሬ ያለኸው ወንድሜ፣ አንተም ና፤ የጥንድ በሬውን ንድፍ ጀምሬዋለሁ፣ ቆርኪ ይዘህ ብትመጣ አልጠላም።

---

ይሄም_ጥበብ_ነው ጻፈ፦

ስንት ያህል?